መምሬ ገብረ ኪዳን ስሙን የማይጠሩት ጥንዚዛ

በክረምቱ ከሰቆጣ ገበያ ስንመለስ ጎረቤቴን መምሬ ገብረ ኪዳንን መንገድ ላይ አገኘናቸው። ነጭ ጋዝ የሞላ ጀሪካን አንጠልጥለዋል። የእህቴ ልጅ ለተሥላሴ፣ የሥነ እንስሳት ተማሪ ናት፣ መስቀል ተሳልማ ጠየቀቻቸው።

«ጋዙ ለምንድን ነው መምሬ?»

«የቀሩትን ሁለት ቀፎዎች ላቃጥል ነው ልጄ። ያ ስሙን ቄስ ይጥራውና ገብቶባቸዋል።»

«እርስዎ ራስዎ ቄስ አይደሉ እንዴ?» አልኩ፤ አላስቻለኝም።

«ብሆንም። ባለ ቀፎ ስሙን አይጠራም፤ ከጠሩት ይመጣል።»

ሳይጠሩትስ መጥቶ የለም? አልኩ በልቤ። ሁሉም ተባዩን በየጓሮው ደብቆ፣ ለጎረቤቱ እንኳ ሳይነግር፣ ንቡን ይጨርሳል። የመምሬ ንብ ካለቀ ደግሞ ለደብሩ ጧፍ የሚሆን ሰም ከየት ይመጣል?

ለተሥላሴ ከእኔ ትሻላለች፤ ትዕግሥት አላት።

«መምሬ፣ ፍርድ ቤት ሄደው ‹አንድ ክፉ በደለኝ› ቢሉ ዳኛው ይሰማዎታል?»

«ስም ከነአባት አምጣ ይለኛል እንጂ።»

«ይህ ጥንዚዛም ስም ከነአባት አለው።»

መምሬ አማተቡ። እሷ ቀጠለች።

«የአበርገሌ ሰው አንድ ስም፣ የጽጽቃ ሰው ሌላ ስም ቢያወጣለትም፣ የዓለም ሊቃውንት በአንድ ስም ነው የሚያውቁት፤ አቲና ቱሚዳ። ኢንተርኔት ላይ የእንስሳት ሁሉ ስም የሚሰበሰብበት መዝገብ አለ። ስሙን ከጻፉበት፣ ስለ እሱ የተጻፈው ጥናት የት እንዳለ ይመራዎታል።»

«ፈረንጅ የእኔን ቀፎ የት ያውቀዋል?»

«ቀፎዎን አያውቅም፤ ጥንዚዛውን ግን ያውቀዋል። ባለፈው ከጓሮዎ ያነሳሁትን ፎቶ አይተው ስሙን የነገሩኝ አስተማሪዬ ናቸው።»

ስልኳን አወጣች። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ አንገላታን። መምሬ «ተዪው» ባሉ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። በመጨረሻ ጥናቶቹ ተደርድረው መጡ፤ እያነበበች ተረጎመችላቸው። የቀፎው ስንጥቅ ይደፈን፤ መግቢያው ይጥበብ፤ አሮጌ የማር እንጀራ ቀፎ አጠገብ አይከማች።

መምሬ ቆሙ።

«እኔ የማከማቸው እዚያው ቀፎው ሥር ነው» አሉ። «እስከ ዛሬ ስቀልበው ኖሬያለኋ።»

መምሬ የተነገራቸውን ሁሉ አደረጉ፤ ጋዙም ለኩራዝ ዋለ። ጥቅምት ላይ ሁለቱም ቀፎዎች ማር ሰጡ፤ ደብሩም ጧፉን አገኘ። ስም ታውቆ ሲፈለግ፣ ሌላው የደከመበት እውቀት እኛም ጓሮ ይደርሳል፤ ይህን ለማስረዳት መንገዱን ሙሉ መጨቃጨቅ ነበረብን።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ሕዝቡን አስቁመው የጥንዚዛውን ስም ከነአባቱ ጮክ ብለው ጠሩት። ባለ ቀፎው ምንዋጋው ደንግጦ፣ «ኧረ ስሙን ቄስ ይጥራው» አለ።

«ይኸው ቄሱ ጠራው» አሉት መምሬ። «አሁን አንተ ጥራው።»