ተመለሱ የማይል ሆቴል

«ሰማዩን አየሽው ንግስትዬ? ከደዶ በኩል ጠቁሮ መጥቷል። ሜ፣ እስቲ የስፌት መኪናሽን ትንሽ ወደ ውስጥ ሳቢው፣ የሰው ጨርቅ እንዳይረጥብብሽ…»

ፈትያ ይህን የምትለው ሂርማታ ገበያ ካለው የጨርቅ ሱቋ ባንኮኒ ጀርባ ሆና ነው። ንግስት በሱቁ በረንዳ ላይ የምትሰፋ ወዳጇ ናት። በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ደግሞ የፈትያ ታላቅ ወንድም ተቀምጦ ስልኩን ያያል። የቡና ነጋዴ ነው፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ የአባት ቦታ የያዘው እሱ ነው። በቤታቸው ደንብ እሱን ፊት ለፊት መናገር ነውር ነው፤ ስለዚህ ፈትያ ለእሱ ያላትን ሁሉ ለንግስት ትነግራለች። ንግስትም በዚህ በረንዳ ላይ አሥራ አራት ዓመት ስለሰፋች፣ መቼ ፔዳሏን አቁማ መስማት እንዳለባት ታውቃለች።

«ልጄ ሱሀይላ ሰላም ብላሻለች። ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ስትማር ያንን አረንጓዴ ቀሚስ የሰፋሽላት ጊዜ ትዝ ይልሻል? አሁን ጃፓን ሆና ልትመረቅ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እኛም ልንሄድላት ነው፣ እናቴም ጭምር። ከምርቃቱ በኋላ ሁለት ቀን ፍል ውሃ ያለው ሆቴል እናድራለን… የእናቴን ጉልበት መቼም ታውቂዋለሽ።»

እስከዚህ ድረስ ንጹህ ወሬ ነው። ወንድሟም ከስልኩ ቀና አላለም።

«ግን አንቺ፣ ጥሩ ነጋዴ መሆን እንዴት ያለ ጸጋ ነው? አንድ ትልቅ ሰው አሉ… ስም ምን ያደርጋል። ቡናውን በእጃቸው ዘገን አድርገው ብቻ ከየትኛው መንደር እንደመጣ ይነግሩሻል፣ ማሻአላህ። አጋሮ ቢሄዱ ሊሙ ቢሄዱ የማይረቱት ሻጭ የለም። ዘዴያቸው ምን መሰለሽ? ዋጋ ይጠራሉ፣ ሻጩ እምቢ ሲል ‹በቃ ተውኩት› ብለው ዞር ነው። አንድ እርምጃ… ሁለት እርምጃ… ሦስተኛው ላይ ሻጩ ‹ኑ እንጂ፣ ይመለሱ› ይላል። ለሌላው ሰው እግር መሄጃ ነው፤ ለእሳቸው መነገጃም ሆኖላቸዋል።»

የስፌት መኪናው ዝም አለ።

«እና እኚህ ሰው ጃፓን ካለ ሆቴል ጋር ዋጋ ተከራከሩልሽ። ምን ያስቅሻል? እኔ ዱጉማ፣ የምሬን ነው የኮራሁት። ከዚህ ከተማ ማን እንዲህ ደፍሮ ያውቃል? ሆቴሉን አንዲት ተማሪ ልጅ ስንት ቀን ስትፈልግ ቆይታ ያገኘችው ነው። ዋጋው አይጎዳም። ክፍሉ ከመሬት ጋር ነው፣ ደረጃ የለውም። ለቤተሰብ ብቻ የሚሰጥ፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ገንዳ አለው፤ አንዲት እናት ከገዛ ልጇ በቀር ማንም ሳያያት ገብታ ጉልበቷን ትነክራለች። እንዲህ ያለውንማ ማንም ሞኝ ዝም ብሎ ይወስደዋል። ብልህ ሰው ግን ያስቀንሳል፣ አይደለም እንዴ? ጻፉላቸው። ‹ይቅርታ፣ ዋጋችን አንድ ነው› አሏቸው። ‹እንግዲያውስ ተውነው› ብለው ጻፉና ዞር አሉ… በስልክ እንዴት ዞር እንደሚባል አትጠይቂኝ።»

ንግስት ክር ልትበጥስ ይመስል ጎንበስ ብላ አፏን በጨርቁ ሸፈነች።

«ከዚያማ መጠበቅ ነው። ሱብሒ ሰግደው ስልኩን ያያሉ፣ ዙህር ሰግደው ስልኩን ያያሉ። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው? ‹ስላሰቡን ከልብ እናመሰግናለን። ክፍሉን ለሌላ እንግዳ ሰጥተነዋል። መልካም ጉዞ።› እጅ የምትነሳ ትንሽ ሥዕልም አለችበት። ወላሂ፣ እንዴት ያለ አደብ ነው። ምስኪኖች… ሰው ሄድኩ ሲላቸው የእውነት የሄደ ይመስላቸዋል።»

ወንድሟ ስልኩን መነካካት አቆመ። ዓይኑ ግን አሁንም እዚያው ነው። ፈትያ ጆሮዎቹ ሲቀሉ አየችና ደስ አላት፤ ደስ ማለቷን ለመደበቅ የተጣጠፈ ጨርቅ ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

«ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይደናገጥ ነበር። እሳቸው ግን በዚያው ቀን ሌላ ሆቴል ያዙ፣ ከመጀመሪያው በጣም የሚረክስ። ተራራ ላይ ነው፣ አየሩ ግሩም ነው አሉ። በሩ ጋ ለመድረስ ስልሳ ደረጃ ይወጣል። አርቆ ማሰባቸውን አየሽ? ጉልበቷን ለሚያማት ሴት ልምምድ ይሆናታላ። ገንዳው ደግሞ የጋራ ነው። የአገሩ ልማድ ነው፣ ሴቶቹ ተሰብስበው እንደተወለዱ ሆነው ይገባሉ፤ ለእነሱ ምንም አይደለም። ሰባ ስድስት ዓመት የሆናት፣ በልጆቿ ፊት እንኳ ሻሿን አውልቃ የማታውቅ ሴት ግን… እሷም ቢሆን ምን ጎደለባት? ደጅ ቁጭ ብላ እንፋሎቱን ታያለች። እንፋሎት ማየት መች ይከፈልበታል? ይሄም አንድ ትርፍ ነው።»

እዚህ ላይ ድምጿ ትንሽ ተሰበረ። እናቷ ዘይቡ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ሆነው ነው የሚሰግዱት። ዛሬ ጠዋት ሱሀይላ የላከችውን የገንዳ ፎቶ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሲያዩ ቆዩና፣ «ከዚህ ውሃ ስመለስ ግንባሬን መሬት አስነካለሁ ኢንሻአላህ» አሉ። ፎቶው የመጀመሪያው ሆቴል እንደነበረ የነገራቸው ሰው የለም። ፈትያ ለራሷ ብዙ ነገር ትችላለች፤ ለእናቷ ሲሆን አፏ ይከፋል።

«ደግሞ ሰምተሻል? ያ የመጀመሪያው ሆቴል ዛሬ አንድ ክፍል ተለቀቀለት አሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆይላቸዋል። ግን ባለ ስልሳ ደረጃው በእሳቸው ስልክ የተያዘ ነው፤ እሳቸው ካልሰረዙት ለሁለት ሆቴል መክፈል ሊሆን ነው። እሳቸው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ‹እናስብበት› ይላሉ። ስንት ሰዓት ነው አሁን? ስምንት ተኩል… ኤዬ፣ ገና ነው። ማሰብ ለሚወድ ሰው ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚያስብም አለ እኮ።»

ፈትያ የደነገጠችው ይህ ካመለጣት በኋላ ነው። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ወንድሟ ደዶ ላይ ነጅላ የምትባል ልጅ ሊያገባ ከሽማግሌዎች ጋር ሄዶ ነበር። በመህሩ፣ ለልጅቷ በሚሰጠው ጥሎሽ፣ ሲከራከሩ «ተውኩት» ብሎ ተነሳ፤ በሩ ላይ ጫማውን ሲያስር ብዙ ቆየ። የልጅቷ አባት አልጠሩትም። ነጅላ በወሩ ሌላ አገባች፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ሳያገባ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር እናቱ ቤት ነው። በቤታቸው ያ የደዶው ነገር ሲነሳ ወሬ ይቀየራል። ንግስትም ታሪኩን ስለምታውቅ ፊቷን መውረድ ወደጀመረው ዝናብ አዞረች።

ወንድሟ ከዱካው ተነሳ። ስልኩን ባንኮኒው ላይ አኖረው፤ የሆቴሉ ገጽ ተከፍቷል፣ መሰረዣው ከፊቷ ነው። ከዚያ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመረ። ማሰሪያው አልላላም ነበር።

ፈትያ ስልኩን ስባ ባለ ስልሳ ደረጃውን ሰረዘችው፤ ወዲያው በራሷ ስልክ ለልጇ «ያዢው» ብላ ላከች። እናቷ ውሃው ውስጥ ሊገቡ ነው። ደስታዋ አንገቷ ድረስ ደረሰ፤ ወንድሟ አሳዘናትም። «ዝናቡ እስኪያባራ ቁጭ በል» ብትለው ይበቃ ነበር፤ ግን ለእሱ በቀጥታ መናገር አለመደችም። እሱ ቀና ብሎ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ቀስ ብሎ። ሁለተኛውን ሲያነሳ አየችው። ያቺን አረማመድ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃታለች።

«አሚን በይ ንግስትዬ» አለች፣ ድምጿን በረንዳውን እስኪያልፍ ከፍ አድርጋ። «እንደ እሳቸው ያለ ደግ ሰው የት ይገኛል? አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ከእናታቸው ጋር በሰላም ሄደው በሰላም ይግቡ። ከእንግዲህ ደግሞ በሄዱበት አገር ሁሉ፣ ‹ተውኩት› ብለው ዞር ባሉ ቁጥር… ‹ኑ፣ ይመለሱ› የሚላቸው አንድ ሰው አላህ አያሳጣቸው።»