መስመሩን ያለፈችው ኳስ

ክቡራትና ክቡራን፣ ርእሰ መምህራችን አቶ እንግዳው፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ጡረታ ለሚወጣ አንድ የስፖርት መምህር ይህን ሁሉ ድግስ ስለደገሳችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጉ ጥሩ ነበር። ውዳሴው ግን ትንሽ በዛ።

ስለ እኔ ብዙ ተብሏልና እኔ ስለ ሌላ ሰው ላውራ። በ1990 ዓ.ም. ከኖርዌይ መጥታ እዚህ ወረታ የውኃ ጉድጓድ ታስቆፍር የነበረችውን ኢንግሪድን የቆያችሁት ታስታውሷታላችሁ። ከዚያ በፊት እንጀራዋ ቴኒስ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሻንጣዋን ራሷ ተሸክማ ካገር አገር እየዞረች ተጫውታለች።

"ከዓለም ስንተኛ ወጣሽ?" አልኳት።

"መቶ ሰማንያ ሰባተኛ።"

ሳቅሁባት! ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ደነገጥሁ። ከመካከላችን በአንድ ነገር እንኳ ከዓለም ስንተኛ እንደሆነ የሚያውቅ ማነው? እኔ ከወረዳችን ከፎገራም ስንተኛ እንደሆንሁ አላውቅ።

ያቆመችው ትከሻዋ ተጎድቶ ነው። አገሯ ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት፣ "የመጨረሻ ጨዋታዬን ተሸነፍኩ። አንድ ቀን አሸንፌ ብጨርስ" አለችኝ። እኛም አውድማ ደልድለን፣ የሰፈራችን ሴቶች እነ ይታይሽ በእበት ለቅልቀውልን፣ ከጣና ዓሣ አጥማጆች መረብ ለምነን ሜዳ ሠራንላት። ተጋጣሚዋ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ አበረ ነበር፤ አዲስ አበባ ቴኒስ ሜዳ ኳስ እያቀበለ ያደገ፣ የዋዛ አይደለም። ዳኛው እኔ።

አበረ ሊያሸንፍ አንድ ነጥብ ሲቀረው፣ የእሷ ኳስ መስመሩን በሁለት ጣት አልፋ ወደቀች። አይቻታለሁ። እንግዳ ናት፣ ትከሻዋን ያማታል፤ በምን አንጀቴ? "ገብታለች!" አልሁ። ሕዝቡ በእልልታ አቀለጠው።

እሷ ግን እበቱ ላይ የቀረውን ምልክት በራኬቷ ከበበችው። "አለምነህ፣ ና እይ። ወጥታለች።"

"ኧረ እህቴ፣ ገብታለች ተባለልሽ እኮ!" ብላ ጮኸች ይታይሽ።

ኢንግሪድ ሄዳ የአበረን እጅ ጨበጠች። ተሸነፈች። አፍሬ ብጠጋት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "መቶ ሰማንያ ሰባተኛ ስሆን ማንም አልሰጠኝም። ያን ቁጥር የምወደው ለዚህ ነው" አለችኝ። እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

እንግዲህ አቶ እንግዳው፣ አሁን የሰጡኝ የምስክር ወረቀት "ሠላሳ አራት ዓመት አንድም ቀን ሳይቀሩ" ይላል። ቀርቻለሁ፣ ጌታዬ። አሥራ ሦስት ቀን፣ ወገቤን ሳያመኝ አሞኛል ብዬ ወንዛዬ ፍል ውኃ ስነከር ከርሜያለሁ። አውቀው ያለፉኝ እርስዎ ነዎት፤ ስለሚወዱኝ ነው። እባክዎ ያርሙልኝ። ያን ጊዜ ግድግዳዬ ላይ እሰቅለዋለሁ።

ለሁላችሁም ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ ልጆቻችሁ ይባረኩ። የደከማችሁበትን አያሳጣችሁ፤ ያልደከማችሁበትን ሲሰጧችሁም "ወጥታለች" የምትሉበት ልብ አይንሳችሁ።