ግማሽ ፂሙን የተላጨው ሙሽራ

እናንተ ጋሽ ጨዋታ እያላችሁ የምትጠሯቸው፣ ለእኔ ግን ታናሽ ወንድሜ የሆኑት ፀጉር አስተካካይ፣ ከልብስ ሰፊ አባታችንና ከአዋላጅ እናታችን በዚሁ ሰፈር ተወለዱ። ለትምህርት ሲደርሱም ትምህርት ቤት ገብተው ስምንተኛ ክፍል ድረስ ዘለቁ፤ ነገር ግን ከደብተሩ ወሬው ይጥማቸው ስለነበር አባታችን ተስፋ ቆርጠው ለአንድ ፀጉር አስተካካይ በረዳትነት ሰጧቸው።

ከዚያም ሁለት ወንበርና ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት ያለበት የራሳቸውን ቤት ከፍተው፣ ማሽኑ እየጮኸ እሳቸው ከማሽኑ በላይ እየተጫወቱ ሲሠሩ፣ ተቆርጦ የጨረሰው ደንበኛ እንኳ ፎጣውን ከአንገቱ ሳያወርድ የጨዋታውን መጨረሻ ይጠብቅ ነበር። ከሁሉም የሚወደድላቸው፣ ግማሽ ፂሙን እንደተላጨ መብራት ስለጠፋበት ሙሽራ የሚያወሩት ነው። ባለቤታቸውም የራሳቸውን ታናሽ ወንድም ፀጉር ሊያስቆርጡ መጥተው፣ ይህ ጨዋታ ሳያልቅ አልሄድም ብለው በዚያው ቀሩ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

በኋላ ግን ደም አንጎላቸው ውስጥ ፈሰሰና አንደበታቸው ተያዘ። ሐኪሟ ነገሩ ሁሉ ልባቸው ውስጥ እንዳለ፣ ቃሉ ብቻ በፍለጋ እንደሚመጣ፣ ስለዚህ ጊዜ ስጧቸው እንጂ ቃል አታቀብሏቸው ብላ ለጠያቂው ሁሉ አስረድታ ነበር። ማን ሰምቶ! ጆሯቸው ደህና ሆኖ ሳለ እንደ ደንቆሮ ትጮኹባቸው ነበር። «ሙሽራው... ሙሽራው...» ሲሉ፣ «አውቄዋለሁ ጋሽዬ፣ አውቄዋለሁ» ብሎ ከአፋቸው ነጥቆ፣ ራሱ ጨርሶ፣ ራሱ ስቆ የሚሄደው ስንቱ ነው! ሌላው ቃል ሲጠፋቸው ስድብ ብቻ ሳይፈለግ ይወጣ ስለነበር፣ ሆን ብሎ እያናደደ እንዲሳደቡ ያደረጋቸው፣ ያንንም በስልኩ ቀርጾ ለሰፈሩ ያዳረሰው ደንበኛቸው ይኸው መካከላችን ቆሞ ዓይኑን በመሐረብ ይጠርጋል። በቀብር ላይ እንዲህ አይባልም ብላችሁ የምታጉረመርሙትም፣ ያንን እያያችሁ ስትንከተከቱ ነውርነቱ ትዝ አላላችሁም።

ባለቤታቸው ግን አፉን መያዝ የማይችል እዚህ ቤት አይገባም ብለው በሩን ዘጉ። ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት እየተቀመጥን፣ ቃሉ ሲጠፋቸው መሬት መሬት እያየን እንጠብቅ ጀመር። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን፣ በአንድ መላጨት ያልቅ የነበረውን የሙሽራውን ጨዋታ፣ ሻያችን ቀዝቅዞ፣ እንደገና ፈልቶ፣ እንደገና እስኪቀዘቅዝ ድረስ፣ አገጫቸውን በመዳፋቸው እየላጩ፣ ማንም ሳያግዛቸው ጨረሱት። መጨረሻው እናንተ ስትጨርሱላቸው የኖራችሁት አልነበረም፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሊነግሩን ይታገሉ የነበረው ሌላ ነበር። ትነግረናለች ብላችሁ ጆሯችሁን አታቁሙ። ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሰምቶታል።

ሕመሙ ዳግመኛ ተነሥቶባቸው፣ ከትናንት በስቲያ በባለቤታቸው እጅ ላይ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እኔን ታላቅ እኅታቸውን ትተውናል። ተናጋሪን ሳያቋርጥ እስከ ፍጻሜው የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ አሳርፎ፣ ያን ጨዋታ ከመጀመሪያው ያስጀምራቸው። አሜን።