ሰማዩ ገና አልደረቀም

ይግቡ፣ ይግቡ ጋሼ። በሩን ጠንከር አድርገው ይግፉት፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። ዝናቡ መንገድ ላይ አገኘዎት እንዴ? … እዚያኛው ወንበር ላይ ግን አይቀመጡ፣ መደገፊያው ቀለም አለው። ባለፈው ኮትዎ ላይ ነጭ ቀለም ይዘው የሄዱት ከዚያ ወንበር ነው። አይቼዎት ነበር፣ ለመናገር አፍሬ ነው እንጂ። ልጆች ደህና ናቸው? ባለቤትዎስ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እሰይ፣ እሰይ።

የሚለካው ሥዕል ይኸው ትልቁ ነው። ነገ አራት ሰዓት ላይ ትርኢቱ ስለሚከፈት ዛሬውኑ ፍሬም ውስጥ መግባት አለበት ብሏል ወንድሜ። እሱ ከመጋረጃው ወዲያ ነው፣ ብሩሽ እያጠበ። የቧንቧው ድምፅ ይሰማዎታል አይደል? ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ብሩሽ ነው የሚያጥበው። … ንጹሕ ሰው ነው። እኛ እንደ ልባችን እናውራ፣ ሥራ ሲይዝ ጆሮ የለውም።

ቀስ ብለው ጋሼ፣ ከላይ በኩል አይያዙት። ሰማዩ ገና አልደረቀም። ምድሩ ደርቋል፣ ድንጋዮቹም ደርቀዋል፣ ሰማዩ ግን… ዘግይቶ ነው የተሠራው። አዎ፣ ልክ ነዎት፣ ሰው ሰማዩን ነው የሚያስቀድመው። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ሰማይ፣ ከዚያ የሩቁ ተራራ፣ ከዚያ ሜዳው፣ መጨረሻ ላይ እግር ሥር ያለው ሣር። ብርሃኑ ከላይ ነዋ የሚመጣው። ሰማዩን ሳያውቁ የሜዳውን ቀለም በምን ያውቁታል? ግን አንዳንድ ሰው አለ፣ ሜዳውን ጨርሶ፣ ድንጋዩን ጨርሶ፣ ላዩን ባዶ ትቶ ሸራው ፊት ቆሞ አገጩን ያሻል። ምን እየጠበቀ ነው ይላሉ? … ሰማይ እስኪወርድለት ነዋ።

ወንድሜን ማለቴ አይደለም። አንድ የማውቀው ሠዓሊ አለ፣ እሱ ትዝ ብሎኝ ነው። እርስዎ አያውቁትም።

ጎበዝ ነው እንግዲህ፣ እውነት እውነቱን መናገር ነው። ድንጋይ ሲሥል የሚወዳደረው የለም። ከልቡ ነዋ የሚያወጣው። ጭቃም ይችላል። መንገድ ሲሥል ደግሞ እንዴት እንደሚያጣምመው ቢያዩ… ቀጥ ያለ መንገድ ሠርቶ አያውቅም፣ አይሆንለትም። የቀለም አደራረብ ሕግ አለ አይደል፣ ቀጭኑ ከታች፣ ቅባቱ ከላይ የሚባለው? መጀመሪያ በተርፔንታይን አቅጥነው ይቀባሉ፣ የተልባ ዘይቱን እየጨመሩ የሚሄዱት በኋላ ነው። ቅባት ካስቀደሙ ጊዜ ሲያልፍ ላዩ ይሰነጣጠቃል። ሰውየው ይህን ሕግ ሸራ ላይ ጥንቅቅ አድርጎ ነው የሚጠብቀው። ከሰው ጋር ሲሆን ግን ቅባቱን ያስቀድማል። ደግሞ ያምርበታል። እስካሁንም አልተሰነጠቀም።

ሩቅ ያለ ነገር እንደሚለሰልስስ ያውቃሉ? ተራራው ከሸለቆው ማዶ ሲሆን ጠርዙ ይጠፋል፣ ቡናማው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ሸካራው ሁሉ ልስልስ ይላል። ሰውም እንደዚሁ ነው መሰለኝ። እሱን ጋዜጣ ላይ ሳየው ምን የመሰለ ትሑት ሰው ነው። ከሩቅ ያምራል፣ ከሩቅ ነው መያዝ ያለበት። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ማየትም ያውቅበታል። ሠዓሊ ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል፣ ትልቁ ብርሃንና ትልቁ ጥላ ብቻ እንዲታየው፣ ትንንሹ ነገር እንዲጠፋለት። እሱ ግን ከሥራ በኋላም ዓይኑን መክፈት ይረሳል። ስለዚህ አጠገቡ ያለ ትንሽ ነገር… ይጠፋበታል። ምን ያድርግ?

ታዲያ ይህ ሰው እህት ነበረችው አሉ። ታላቁ ናት፣ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ እዚያው ስቱዲዮ አብራው የምትሠራ። ወጣት ሳሉ ነው፣ እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደመና ሠራ። የደመናውን ሆድ በምን አጠቆረው መሰልዎት? በጥቁር። ነጭ ከቱቦ፣ ጥቁር ከቱቦ፣ አዋህዶ ለጠፈው። ሰማዩ የጥቁር ሰሌዳ መጥረጊያ መሰለ። የደመና ጥላ እኮ ጥቁር አይወድም፣ ሰማያዊና ቡናማ ነው የሚቀላቀልለት፣ ያውም በጥቂቱ። እህትየው ሳቀች፣ ብሩሹን ተቀበለችው፣ ቀለሙ ሳይደርቅ እዚያው አስተካከለችለት። ሰማይ ነገ እመለስበታለሁ አይባልም፣ እርጥቡን በእርጥቡ ላይ ነው። ከአናቱ ጠቆር፣ ወደ አድማሱ ሳሳ፣ ከዚያ በሰፊ ደረቅ ብሩሽ ዳሰስ፣ ዳሰስ። "የዛሬን ብቻ" አላት። … አሁን ሃያ ሁለት ሰማይ ሆኗል። የዛሬን ብቻ።

ይህን ጨምሮ ሃያ ሁለቱንም ፍሬም የሚያደርጓቸው እርስዎ አይደሉ እንዴ? … ይቅርታ፣ የወንድሜን ሥዕሎች ማለቴ ነው። ቁጥሩ ገጠመብኝ።

እግረ መንገዴን፣ የፍሬሙ ከንፈር ከሥዕሉ ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ይበላል ብለውኝ ነበር። አደራ ጋሼ፣ ከታች በስተቀኝ ያለውን ፊርማ እንዳይነካብኝ። ከሰማዩ ይብላ፣ ግድ የለም፣ የሚቀየም የለም። ፊርማውን ግን ማንም ሳያግዘው ራሱ ነው የሚጽፈው። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል እንጂ… መፈረም እኮ ይችላል።

ያን ሰውዬ ባለፈው ሳምንት ጋዜጠኛ ጠየቀችው። "ሰማይ አሠራሩን ከማን ተማሩት?" አለችው። ምን ቢል ጥሩ ነው? "ከማንም። ሰማዩ ራሱ ነው ያስተማረኝ።" … ያምራል አይደል? እኔ ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ። እህትየውም ምንም አልተከፋሁም… አልተከፋችም ማለቴ ነው። ስሜ ይጻፍ ብላ አታውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቀችው አንዲት ቃል ናት፣ "እህቴ" የምትል። "እህቴ ናት ያሳየችኝ።" ይኼ ይበዛል እንዴ ጋሼ? ያማል። የሌላ ሰው ጉዳይ ሆኖ እንኳ ሲያወሩት ያማል። ድሮ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይሉ ነበር። ሰማዩንስ አርሳለታለች። መክሰሱ ነው ያቃታት።

ጋዜጠኛዋ ግን ዓይን አላት። "የሰማዮቹ አሠራር ግራ ያጋባል" ብላ ነው የጨረሰችው። ሳታውቀው እውነቱን ተናገረች። ሠዓሊው በቀኝ እጁ ነው የሚሠራው። እህትየው ግራኝ ናት። በግራ እጅ የተሳበ ብሩሽ ወደ ሌላኛው ጎን ይጋደማል፣ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው። ምድሩ ሁሉ በቀኝ፣ ሰማዩ ሁሉ በግራ… ግራ ቢያጋባ ይገርማል? ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ ይላል መጽሐፉ። እዚያ ቤት ነገሩ ተገልብጦ፣ ግራዋ የሰጠችውን ቀኙ አላውቃትም አለ። … እጄን ምን ያዩታል? እኔ እርሳስ በግራ የምይዘው እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ ነው። ርዝመቱ ስንት አሉኝ? መቶ አርባ። ጽፌዋለሁ።

አሁን ደግሞ አዘጋጆቹ አንድ ነገር አመጡ። በመክፈቻው ላይ፣ እንግዳው ሁሉ ቆሞ፣ ባዶ ሸራ ይቀርብለትና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰማይ ይሥላል። ሰማይ ብቻ። ድንጋይ የለበትም። እሱም "በደስታ" አላቸው፣ አፉ ከእጁ ይቀድማል። ከዚያ ወዲህ እህቱ እንዴት እንደተከበረች… ሰኞ ሻይ አፍልቶ አመጣላት። ማክሰኞ ስንት ዓመት የተጣመመውን መደርደሪያዋን አቃናላት። ትናንት "ዓይንሽ እንዴት ነው?" አላት። "ደህና ነው፣ ሁሉም ነገር ይታየኛል" አለችው። ሁሉን አላት፣ የሚፈልገውን ብቻ አላላትም። ቢላት እኮ… አሁንም ገና ስምንት ሰዓት ነው። ቁጭ አድርጋ እስኪመሽ ታሳየው ነበር። "አልችልም፣ አሳዪኝ" ማለት ነው የሚበቃው። ግን ሰማይ ራሱ ወርዶ ያስተማረው ሰው፣ በምን አፉ እህቱን ይጠይቃል?

ውኃው ቆመ አይደል? … ጨረሰ ማለት ነው። ሦስቱንም።

ና ውጣ፣ ጋሼ መጥተዋል። ለክተው ጨርሰዋል፣ ሳይመሽ ያደርሱታል። ምን ታወሩ ነበር ነው የምትለኝ? ኧረ ተራ ወሬ ነው። ስለ አንድ ሠዓሊ ነው። አታውቀውም።

እጅህን አድርቀው እንጂ፣ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። … ምነው፣ የምትለኝ ነገር ነበር እንዴ? … ጋሼ እንደሆኑ ቤተሰብ ናቸው። ተናገር። …

ምንም?

እሺ። ሸሚዝህን ተኩሼ ከበሩ ኋላ ሰቅዬልሃለሁ፣ ነገ እንዳትረሳው። እኔ መጥሪያ ካርድ ስላልደረሰኝ እዚሁ ሆኜ አስብሃለሁ። ሸራው ፊት ስትቆም፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እጅህን እጅህን ሲያይ እንዳትደነግጥ ወንድምዓለም። እግዜር ከፊትህ ይቅደም። ከሰው ዓይን ይሰውርህ። … ቀኝ ያውልህ።