ደረጃ ተሰጠ

«እማዬ፣ ደረጃ ይሰረቃል እንዴ?» አለችኝ ልጄ ከትናንት ወዲያ ማታ ራት እየበላን። ልጅ መቼም የማይጠይቀው የለ! በቀደም ደግሞ «ጥላ ሲመሽ የት ያድራል?» ብላኝ «ከኛው ጋር» ብዬ አስተኛኋት። ለዚህኛው ግን... ቆይ፣ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግቢ እንጂ ጎረቤቴ፣ በር ላይ ምን ይገትርሻል? በርጩማው ላይ ያለውን ጨርቅ ወደ ጎን አድርጊና ተቀመጪ። ዛሬም የልጅሽ ቦርሳ ዚፕ ነው? አይ አንቺ፣ ይሄ ዚፕ ከኔ ጋር ዘመድ ሆነ እኮ! ወዲህ በዪው፣ ይቺን ሱሪ እንደጨረስኩ አየዋለሁ።

ቀስ ብለሽ አውሪ ታዲያ። ከመጋረጃው ጀርባ ደንበኛ አለ። አዲስ ሱፍ እኔው ጋ አሰፍተው የሱሪው እግር ረዘመባቸውና ላሳጥርላቸው አወለቁልኝ። ለብሰውት የመጡትንም አሮጌ ሱሪ ለልክ ብዬ ወሰድኩባቸው። እና አሁን ሁለቱም ሱሪ እኔ ጋ ነው። ምን ያድርጉ? ሱሪ የሌለው ሰው የት ይሄዳል? ትንሽ ይታገሱናል። ጨርቁን ግን ዳስሺው እስቲ! ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ቀጭን ነጭ መስመር ያለው። እንዲህ ያለ ሱፍ መች በየቀኑ እጄ ይገባል!

እኛ የራሳችንን ጨዋታ እንጫወት፣ የሰው ነገር አናነሳም። ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ነው ሱቄን የከፈትኩት፤ በሐሜት አላበላሸውም።

ድልድዩን እንዴት አየሽው ግን? አያምርም? እኔ ውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። ያ የድሮው የባቡር ማቋረጫ መጨረሻ ላይ እንዴት አድርጎን እንደነበር አንቺም አትረሺውም። ሰፈሩ ትንሽ ሳለ ጥሩ ነበር። ማገጃ አንሺው አባባ ፊሽካቸውን ነፍተው ማገጃውን ሲያወርዱት ባለመኪናውም፣ ባለጋሪውም፣ ባለእግሩም እኩል ቀጥ ነው። ባቡሩ እስኪያልፍ ስንት ወሬ ይወራ ነበር! አንቺስ ባልሽን ያወቅሽው እዚያው ማገጃ ሥር አይደል? ኋላ ፎቁ በዛ፣ መኪናው በዛ፣ ሰልፉ እስከ ወፍጮ ቤቱ ተጎተተ፣ ቀኑን ሙሉ ጥሩምባ ሆነ። አንዱ ቸኳይማ ማገጃውን ሰብሮ ገብቶ ለጥቂት ነው የተረፈው። እና ድልድይ ይሠራ ሲባል ማን ጠላ? እኔ ራሴ አጨብጭቤያለሁ።

የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትንሽ ነገር። መኪናው ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ድልድዩ ላይ ይወጣል፣ ሐዲዱን ተሻግሮ ከጣውላ መሸጫው ወዲያ ይወርዳል። ባለእግሩስ? ባለእግሩ ወይ ክንፍ ያበቅላል፣ ወይ መኪና ይገዛል፣ ወይ ያን ሁሉ መንገድ ከመኪና ጋር እየተጋፋ ይዞራል። ማቋረጫው በሽቦ ታጠረ። ትምህርት ቤቱ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ። ስለዚህ ማቋረጫው በነበረበት ቦታ ወደ ድልድዩ የሚያወጣ፣ በወዲያም በኩል የሚያወርድ ደረጃ ይሰጠን አልን። ደረጃ። ሌላ ምንም።

ድልድዩን ለሚያሠራው ቢሮ ማን ሄዶ ይንገርልን ታዲያ? የትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ፣ የልጆቹ ጠባብ ወንበር ላይ ተጣብበን ተሰበሰብንና አንድ ሰው መረጥን። ምን ዓይነት ሰው መሰለሽ! አንደበቱ ማር ነው። ማር ካለ ዝንብ አይጠፋም፣ እኛም ከበብነው። ደግሞ የኛው ልጅ ነው፣ እዚያው ማቋረጫ ላይ ያደገ። እናቱ ለሥራ ስትወጣ እጁን ይዘው የሚያሻግሩት ማገጃ አንሺው አባባ ነበሩ። ሐዲዱን የሚያውቅ፣ እኛን የሚያውቅ... ከእሱ ሌላ ለማን አደራ ይሰጣል?

የጥግ ቤቷን እማማ ታውቂያቸው የለ፣ ጆሯቸው የከበዳቸውን? እጅጌውን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ ነገር አታብዛ። ቢሮ ውስጥ ነገር ሲበዛ ይጠፋል። አንድ ቃል ብቻ ይዘህ ግባ፣ ‹ደረጃ› በል፤ እሷኑ ይዘህ ውጣ» አሉት። ሳቅን። እሱም ጉልበታቸውን ስሞ ሄደ።

ወይ ታማኝነት! አንዲት ፊደል አልጨመረ፣ አንዲት ፊደል አልቀነሰ። ደረጃ ብሎ ገባ፣ ደረጃ ይዞ ወጣ። «ደረጃ ተሰጠ!» ብሎ ሲመጣ እንዴት እንደጨፈርን ታስታውሺያለሽ? እማማ እንኳ ያለ ጩኸት ሰሙ! ቆይተን፣ ትንፋሻችን ሲመለስ ነው «በየት በኩል ነው የሚሠራው?» ብለን የጠየቅነው። ለካ የሚሠራ አይደለም፤ የሚሾሙበት ነው። ምክትል ኃላፊ! ስንልከው «አንተ» ነበር፣ ሲመለስ «እርስዎ» ሆኖ መጣ። እና ምን ውሸት አለበት? ደረጃውስ ደረጃ ነው።

ጥፋቱ የኛ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ የምለው ይሄንኑ ነው። «የሲሚንቶ ደረጃ» ብለን መላክ ነበረብን። የሚረገጥ እንጂ የማይረግጥ ደረጃ፣ ብለን። ቃሉን ሳንለካ ቆረጥነው። እኔ እንኳ ሰፊ ሆኜ!

ከሁላችን የገባቸው እማማ ናቸው፤ ጆሯቸው እንደዚያ ሆኖ። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ስለ ድልድዩ ሲያወራ እሳቸው «የማን ድልድል ነው?» እያሉ ያስቸግሩን አልነበር? «ድልድል አይደለም እማማ፣ ድልድይ ነው! ድልድይ!» እያልን ጆሯቸው ሥር ስንጮህ ከረምን። ይኸው፣ እኛ በደህና ጆሯችን ድልድይ ሰምተን ቀረን፤ ድልድሉን ግን እሳቸው አስቀድመው ሰሙት።

ምነው ሳቅሽ? እኔ እኮ እያመሰገንኩ ነው! ከሰፈራችን አንድ ሰው ከፍ ሲል ደስ አይልም? የድሮ ሰዎች ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ ነበር። የዛሬ ድር ሲያብር አንድ ሙሉ ሱፍ ይወጣዋል።

ሰማሽ ሲያስሉ? የጨርቁ ብናኝ ነው። ላልለመደው ሰው ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ጌታዬ፣ ውኃ ላምጣልዎት? ... እሺ፣ ይታገሱኝ፤ አንደኛው እግር አልቋል።

አንቺ ደግሞ መጋረጃውን ምን ታያለሽ? ወደኔ ዙሪ። የምን ነበር ጨዋታችን? አዎ፣ ትሕትና። ስንቱ ሲሾም ሰፈሩን ይረሳል! ያ የኛ ሰው ግን በድልድዩ ላይ ሲያልፉ መስታወቱን ዝቅ አድርገው እጃቸውን ሳያውለበልቡልን አይሄዱም። እኛን ከዚያ ላይ ሆነው ሲያዩን ሁላችንም ጎንበስ ብለናል። የምንሰግድላቸው ሳይመስላቸው አይቀርም፣ ደስ ይበላቸው። እኛ ጎንበስ የምንለው ለሽቦው ቀዳዳ ነበር።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል አይደል? በኛ ሰፈር ውሻ በቀደደው ተማሪ ይገባል። አባባ ባይኖሩ ደግሞ ምን ይውጠን ነበር? ማገጃው ተነቅሎ፣ ሥራው ቀርቶ፣ እሳቸው ግን ዛሬም ጠዋትና ማታ ሽቦው ጥግ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ባቡር ሲመጣ ለልጆቹ ፊሽካ ይነፋሉ። ማንም አልላካቸው፣ ማንም አልሾማቸው። ምክትል ኃላፊ አይደሉማ፣ ኃላፊ ናቸው።

ያለፈው ሳምንት አሟቸው ቀሩ። አንድ ቀን ብቻ። ... ሰምተሻል መሰለኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሐዲዱን ተሻግራ በቀዳዳው ስትወጣ እጅጌዋን ሽቦው ያዘው። ግማሽ አካሏ ወዲህ፣ ግማሽ አካሏ ወዲያ። ባቡሩ ይጮኻል። እኔ እዚህ በር ላይ ሆኜ አያታለሁ፤ ብሮጥም አልደርስም። ከዚያ እጅጌው ከትከሻዋ ላይ ቦጨቅ አለና ወጣች። ስፌቱ ላልቶ ነበር። የራሴ ስፌት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስፌቴ እንዲጠብቅ ስጸልይ ኖሬ፣ ያን ቀን ስለላላው ስፌት መሬት ላይ ተንበርክኬ አመሰገንኩ።

... ተይው። ይሄ የጨዋታ ነገር አይደለም። መቀሱን አቀብዪኝ።

ለቢሮው አልነገራችሁም ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። ነገርን እንጂ! እንዴት ያለ ፈጣን ቢሮ ነው! ወዲያው ማስታወቂያ ተሰቀለልን፣ «መሻገር ክልክል ነው» የሚል። አጻጻፉ እንዴት ያምራል መሰለሽ! ከሥሩ ፊርማ አለበት። የማን እንደሆነ አላነበብኩም፤ ዓይኔ እንደምታውቂው ደክሟል። ብቻ ፊርማው ራሱ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። አየሽ፣ ደረጃ ሙሉ በሙሉ አልከለከሉንም።

እና ልጄ «ደረጃ ይሰረቃል እንዴ?» ስትለኝ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲያወሩ ሰምታ ነው። ምን ልበላት? በሰው ላይ ክፉ እንድታስብ አልፈልግም። «አይሰረቅም የኔ ልጅ። ደረጃ ይወጡበታል እንጂ። አንዳንድ ሰው ግን ወጥቶ ሲያበቃ ወደ ላይ ይስበዋል» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያ ሊወርድ ሲል መልሶ ይዘረጋዋላ!» አላለችኝም? እኔ እናቷ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ... «ብዪ፣ ራትሽን ብዪ» አልኳት።

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ትልቁን መርፌና የጫማ ክር ይዤ ወደ ሽቦው ሄድኩ። የቀዳዳውን ዙሪያ በጨርቅ ጠቀለልኩና ልክ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ጥብቅ አድርጌ ዘመዘምኩት። የሚወጋ ጫፍ፣ እጅጌ የሚይዝ ጥርስ አላስቀረሁም። ጨርቁን ከየት አመጣሽው ትዪኛለሽ። ቁራጭ የሰፊ ነው፤ ይሄ የሥራችን ሕግ ነው፣ እናቴም የሰፋችው እንዲሁ ነው። በቅርቡ ከሰፋሁት ኮት የተረፈ ነበረኝ፤ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ቀጭን ነጭ መስመር... አዎ፣ ልክ እንደዚህ ያለ። መመሳሰል አይጠፋም። ምን ያለ ጠንካራ ሱፍ ነው! ዝናብም ፀሐይም ይችላል። ልጆቹ ሲወጡ እጃቸውን ያሳርፉበታል፣ የትልቅ ሰው ትከሻ የተደገፉ ይመስላቸዋል።

መኪናው ሲመላለስበት ከርሞ ነገ ነው አይደል የድልድዩ ምረቃ? እንግዳ ይመጣል፣ አዲስ ሱፍ የለበሰ ሰው ሪባን ይቆርጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የሰፈሩ ሰው ነቅሎ ይወጣል። ከሪባኑ ፊት ለፊት ያለው ደግሞ የኛ ሽቦ ነው። ሰው መቼም ዓይን አለው። ሱፉን ያያል፣ ሽቦውን ያያል፣ እንደገና ሱፉን ያያል... «ይሄ ጨርቅ ከየት መጣ?» ብለው ቢጠይቁኝ «አንድ ደግ ሰው ለልጆቻችን የሰጡት ነው» እላለሁ። ስም አልጠራም። አንቺ ታውቂኝ የለ? እኔ የሰው ስም አላነሳም። የሲሚንቶው ደረጃ መጣ በተባለ ቀን ደግሞ በገዛ እጄ ፈትቼ አነሳዋለሁ። ስፌት መፍታት አይከብደኝም፤ የሚከብደው የቢሮ ቋጠሮ ነው።

በቃ፣ አለቀ። ካውያ አሳርፌበታለሁ፤ መታጠፊያው ምላጭ ሆኗል። እስቲ በመጋረጃው ጫፍ አቀብዪያቸው። ፊትሽን አዙረሽ ታዲያ፣ ባለትዳር ነሽ!

ጌታዬ፣ በጣም አስቆየንዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልን። የሰፈር ወሬ ነው፣ ጆሮ አይስጡን። ሱሪውን በልክዎ አድርጌዋለሁ፤ ልክዎን ለማወቅ ነው እንጂ ጊዜ የፈጀብኝ፣ ከታወቀ በኋላስ ቀላል ነው። አሮጌውም ይኸው፣ ይያዙት፤ አንድ ቀን ይፈልጉት ይሆናል። በጤና ይልበሱት፣ በደስታ ይጨርሱት። እግዜር እንደ ድልድያችን ከፍ ያድርግዎት፤ መውረጃውንም አያሳይዎት።