አስተርጓሚዬና የታችኛው ጥርሴ

ማዛል ትባላለች፤ የበደለችኝ እሷ ናት፣ የገዛ ልጄ። ሐኪም ቤት በሄድኩ ቁጥር የምታስተረጉምልኝ እሷ ናት። እኔ ዕብራይስጡ ከአፌ ተሰባብሮ ከሚወጣ ዝም ማለት ስለምመርጥ፣ ቋንቋውን እንደማልሰማ ቆጥራዋለች። ያን ሁሉ ዘመን እዚህ እስራኤል የቢሮ ወለል ስወለውል ጆሮዬን ቤት ትቼ ነበር እንዴ!

ባለፈው የጎረቤት ሰርግ ላይ እልል ስል የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርሴ ተወርውሮ ሙሽራው ጫማ ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ሰው መሃል አፌን አልከፍትም። አሁን ደግሞ የማዛል ልጅ ልታገባ ነው፤ ለልጅ ልጄ እልል ሳልል ልቀር ነው? ይህንኑ ብዬ ሺምሾን ሰፈር ያለችው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ዶክተሯ መንጋጋዬን አየችና በዕብራይስጥ፣ "አጥንቷ ጥሩ ነው። ሁለት ብሎን እንተክልላትና ጥርሱ እሱ ላይ ይቆለፋል፤ ከዚያ ወዲያ አይነቃነቅም" አለች። ማዛል በዚያው በዕብራይስጥ ምን ብትላት ጥሩ ነው? "ተዪው፣ አርጅታለች። ሾርባ ይበቃታል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ "እማዬ፣ አጥንትሽ አይችልም አለች" አለችኝ በአማርኛ።

ክው አልኩ። ያን አፍ ጡት ያጎረስኩት እኔ ነኝ? እሷ እቴ፣ አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ "አይዞሽ እማዬ" እያለች እጄን ታሻለች!

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ብቻዬን ተመለስኩ። ዶክተሯ "ልጅሽስ?" አለችኝ። በዚያው በተሰባበረው ዕብራይስጤ "እሷ ምን ልታደርግ ትመጣለች? ጥርስ አላት" አልኳትና ወንበሩ ላይ ወጥቼ አፌን በረገድኩላት።