ቧንቧውን ማን ይይዛል?

ሚስቴ ደንቆሮ ነህ ትለኛለች፤ የሰው ወሬ ሲሆን ግን ጆሮዬ ይከፈታል። ከሶዶ ወደ ሻንቶ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ኮንትራክተርና መሐንዲስ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ።

«ኢንጂነር፣ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው የኧርዝ ሽቦ ፕላንህ ላይ የለም። ያልሳልከውን ከየት ላምጣ?»

«ከታች ‹ሥራው በሕንፃ ኮዱ መሠረት ይሠራ› ብዬ ጽፌያለሁ!»

«እሱንማ ሁሉም ላይ ትጽፈዋለህ! ሁምቦ የሠራነው ሕንፃ ፕላን ላይም አለ።»

«ሽቦው ሲጎድል አትጠይቅም? ፈቃድህ ለምንድን ነው?»

«ያንተስ ማኅተም?»

ከጎኔ የነበረች እናት ጣልቃ ገባች። «ስለ ሻንቶው አዲስ ትምህርት ቤት ነው?»

«አዎ፣ እህቴ።»

«ልጄን እዚያ ውኃ ስትቀዳ ቧንቧው ነዝሮ ጥሏታል! ጥፋቱ የማን ነው?»

«የእሱ!» አሉ ሁለቱም፣ እርስ በርስ እየተጠቋቆሙ።

«እንግዲያው ስንደርስ ሁለታችሁም ቧንቧውን ያዙልኝ።»

«መጀመሪያ መብራቱ ይጥፋ እንጂ!» አለ ኮንትራክተሩ።

«ልክ ነው፣ መጥፋት አለበት» አለ መሐንዲሱ።

«አሁን ተስማማችሁ! ለልጄስ ማን አጠፋላት?»



እኔ ሽማግሌው የታክሲውን የብረት መያዣ ቀስ ብዬ ለቅቄ የእንጨት ከዘራዬን ጨበጥኩ።